አራት ሊትር ምስጋና

በእኛ አገር የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ድስት የተዋሰች ጎረቤት ከወጡ ትጨልፍበታለች፤ እንቅብ የወሰደች እፍኝ ባቄላ ጣል ታደርግበታለች። ደግ ልማድ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። መኪና ግን ድስት አይደለም። ይህን የሚሰማኝ ሰው በማጣቴ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

አባቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጋራዥ ነበራቸው። በንጉሡ ዘመን ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ጣሊያናዊ ሲሄድ የተወላቸው ቀይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ደርግ ወድቆ ሰዉ እንደገና ሰርግ በሰፊው መደገስ ሲጀምር፣ ሙሽራ ሁሉ እሷ ላይ ካልተቀመጥኩ ይል ጀመር። አባቴ ለማንም እምቢ ብለው አያውቁም። ለእኔ ግን እናቴ ፊት፣ «አሥራ ሁለተኛን ጨርሺ እንጂ ያንቺው ናት» ብለውኛል።

መንዳት ከማስተማራቸው በፊት ዘይት መሙላት አስተማሩኝ። መኪናዋን ሜዳ ላይ ታቆሚያለሽ። ሞተሩን አጥፍተሽ ዘይቱ እስኪረጋ ትታገሻለሽ። መለኪያውን ዘንግ መዘሽ በጨርቅ ጠርገሽ፣ መልሰሽ ነክረሽ ታዪዋለሽ። ዘንጉ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሀል ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። ከታችኛው ከወረደ በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ ለኪ። ከላይኛው ካለፈ ግን ከጎደለው አይሻልም፤ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ሞተር አያድንም። ይህን ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ክረምት መግቢያ የቡሬ አንድ እህል ነጋዴ ለልጁ ሰርግ ተዋሳት። የአባቴ የቆየ ወዳጅ ነው። በዕድሜ አንቱ ሊባል ይገባዋል፤ እኔ ግን አልለውም። ሰርጉ አልፎ ራሱ እየነዳ መለሳት። ግቢያችን ገብቶ ኮፈኑን ከፈተና ይዞት የመጣውን አራት ሊትር የሞተር ዘይት፣ ሳይለካ፣ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ገለበጠባት። ለሰርጉ ስትሄድ ዘይቷን ለክቼ አሟልቼ የሸኘኋት እኔ ነበርኩ። ሰውየው እጁን በጋቢው ጠርጎ አባቴን፣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብዬ ነው አላቸው። አባቴም መረቁት።

ምሳ ሲቀርብ ሾልኬ ወጥቼ ዘንጉን መዘዝኩት። ዘይቱ ከላይኛው ጭረት አልፎ ወደ እጀታው ተጠግቷል። አባቴን በምልክት ጠርቼ አሳየኋቸው። አዩ። መፍቻ ይዤ ከሥሯ ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ሰው የሰጠውን እያየ ልታፈሽበት ነው?»

«አባባ፣ ሞተሩ ይሞታል።»

«እንግዳው ይሂድ፤ ከዚያ ታወጪዋለሽ።»

ይሂድስ ካሉ በሚኒባስ ይሄድ ነበር። እሳቸው ግን ገብተው፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ከገበሬ ጋር ተጣቦ አይሄድም፣ ልጄ ታደርስዎታለች አሉት። የእኔን መኪና፣ በእኔ እጅ! መፍቻውን ከወንበሩ ሥር ወሸቅኩት፤ ቡሬ ላይ ሰውየው እንደወረደ ትርፉን ዘይት አፈስሰዋለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ማንኩሳን ስናልፍ ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ተነሳ። ልቁም ስለው፣ ጭስማ ዘይት የጠገበ ሞተር ነው፣ ንጂው አለኝ። ዳገቱ ላይ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ባጠፋትም ከውስጥ የመጣው ድምፅ ድንጋይ የሚወቅጡ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ንቅንቅ አላለችም። ሰውየው ወርዶ ጢሙን ዳበሰና አንድ ሚኒባስ አስቁሞ፣ ከገበሬው ጋር ተጣቦ፣ ሄደ። እኔ መኪናዋን የሚጎትት የጭነት መኪና እስኪገኝ እዚያው ዳገት ላይ ስበሳጭና ሳለቅስ አመሸሁ። ለዚያች መኪና ሞተር መለዋወጫ እንኳን ጎጃም፣ አዲስ አበባም አልተገኘም።

መስከረም ላይ ነጋዴው ሊያጽናናን መጣ። ጎረቤት ተሰብስቧል። ተመቻችቶ ተቀመጠና፣ «እኔ ዘይቷን ሞልቼ የመለስኳትን መኪና ለሴት ልጅ መስጠት አልነበረብዎትም፣ መኪና የወንድ እጅ ነው የሚያውቀው» ሲል አባቴን ገሠጻቸው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ አባቴን አየሁ። ዘንጉን አብረን አይተናል፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው።

አባቴ ጎንበስ ብለው ወደ እንግዳቸው ዞሩ።

«እውነትዎን ነው» አሉ። «ጥፋቱ የልጅቱ ነው።»