የአያ ካሳው የቀንድ መልቀሚያ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ብር ሠሪ ቤት ነበር። መርሳ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ አያ ካሳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀለበትና የአንገት መስቀል ይሠራሉ። ያኔ ጦርነቱ ሰሜኑን ሁሉ ይዞት ስለነበር መብራት የለም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዚያ ቤት ብርሃን ከወናፉ ፊት ያለው ፍምና አንዲት ኩራዝ ብቻ ነበር። የከሰሉ ጭስ ከአሲዱ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔ ግን ጅብ ሚዜ ሆኖ የሄደበትን ሠርግ ለመስማት ስል ሳሌን ውጬ እቀመጥ ነበር።

ብር ከእሳት ሲወጣ ጥቁር ነው። እንዲነጣ አያ ካሳው የባትሪ አሲድ በውሃ አቅጥነው በሸክላ ድስት ያኖሩና ሥራቸውን እዚያ ውስጥ ይነክሩታል። ድስቱ ከቆሻሻው ብዛት ታቹ አይታይም። ከዚያ ውስጥ ዕቃውን የሚያወጡት ከበሬ ቀንድ በፋቁት መልቀሚያ ነበር፤ ርዝመቱ ክንድ ያህላል፣ ጫፉ እንደ ጭልፋ የጎደጎደ፣ ውሃው እንዲወርድ በጋለ ወስፌ የተበሳሳ። አንድ ቀን ለምን ብረት እንዳልሆነ ጠየቅኋቸው።

«ብረት ከገባበት ብሩ መዳብ መስሎ ይቀላል» አሉኝ። «እጅ ከገባበት ደግሞ እጁ ይላጣል። ቀንድ ግን ማንንም አይጎዳ።»

ተረቱ መሀል ላይ ይቆሙና፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የድስቱን ታች በመልቀሚያው ይዳስሳሉ። ቀለበቷ ቀንዱ ላይ ስትወጣ ተረቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

የእናቴ ታናሽ እህት ይመኙሻል እኛ ቤት ነበር የምትኖረው። ባሏ ሞላ የውርጌሳ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከተጋቡ አራት ወር ሳይሞላቸው ከሐራ ገበያ ወታደሮች አፍሰው ወደ ግንባር ወሰዱት። የጋብቻ ቀለበታቸውን የሠሩት አያ ካሳው ናቸው፤ በውስጡ በኩል «ይ» እና «ሞ» የሚሉ ፊደላት ቀርጸውበታል። አክስቴ ከዓመት በላይ ደብዳቤ አልመጣላትም፤ ግን አንድም ቀን «ሞላ ነበር» ስትል አልሰማኋትም፤ «ሞላ ነው» ነበር የምትለው።

አንድ ዓርብ ወደ ማታ አያ ካሳው ቤት ሳለሁ አንድ ወታደር ገባ። ከግንባር የወረደ ነው፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መኪና ጎማ እስኪቀይር ነው ብር ሠሪ የጠየቀ። መሀረቡን ፈታና ሰባት ቀለበት መደቡ ላይ ዘረገፈ። ጭቃ ይሁን ደም የማይለይ ጥቁር ነገር ደርቆባቸዋል።

«አባባ፣ ያንጡልኝ» አለ። «እንዲህ ሆነው ማንም አይገዛኝ።»

«ከየት አገኘሃቸው ልጄ?»

«ከወደቁት ነው። ለእነሱማ ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል?»

ይህን ሲናገር አላፈረም፣ አልተቆጣም። መሽቷል እንደሚል ሰው ነበር ድምፁ።

አያ ካሳው ሰባቱንም ነከሯቸው። ጥቂት ቆይተው አንድ በአንድ እያወጡ በንጹሕ ውሃ ያለቀልቁ ጀመር። አራተኛውን ከነመልቀሚያው ወደ ኩራዟ አስጠግተው ውስጡን አዩት። እጃቸው ቆመ። ከዚያ መልቀሚያውን በቀስታ ዘንበል አደረጉት፤ ቀለበቷ ተመልሳ ሰጠመች። እኔ አጠገባቸው ስለነበርሁ አየሁ። ወታደሩ መኪናው የቆመበትን ይመለከት ነበር።

ስድስቱን ደረደሩለት።

«አንዱስ?»

«ቆርቆሮ ኖሯል ልጄ። አሲዱ በላው።»

ወታደሩ መልቀሚያውን ነጥቆ ድስቱን ያማስል ገባ። ቀንዱ ከሸክላው ጋር ሲፋተግ ይሰማኛል፤ ቀለበቷ ግን ለማያውቅ እጅ አልወጣችም። መልቀሚያውን ወረወረና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ አልደገነውም፣ ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ላይ አጋደመው እንጂ። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ሕፃን አይዋሽም። ሲደብቁ አይተሻል?»

«አላየሁም» አልሁት። ዓይኔ እንኳ አልተርገበገበም።

መኪናው ጡሩምባውን ሲያሰማ ስድስቱን ቋጥሮ ወጣ።

አያ ካሳው ወናፉን አልነኩም። ፍሙ አመድ ሲለብስ ቀለበቷን አወጧትና መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ፊደል ቆጥሬ ነበርና አነበብኋት።

«ስንዱ፣ ልጄ፣ ለይመኙሻል ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። «እሑድ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ መርዶዋን እንነግራታለን። ብቻዋን መስማት የለባትም፤ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል።»

ቤት ስገባ አክስቴ በኩራዝ ማሽላ ትለቅማለች። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

«ዛሬስ አያ ካሳው ምን አጫወቱሽ?» አለችኝ።

የሰማሁት ተረት አልነበረም። ግን ነገሩ ደረቴ ውስጥ ተወጥሮ ነበርና መውጫ የሰጠችኝ መሰለኝ።

«ተረት ተረት» አልኋት።

«የላም በረት» አለች ሳቅ ብላ።

«አንድ ቀለበት ነበረ አሉ። ጌታው ሩቅ አገር ሄዶ ሞተ። ቀለበቱም በሰው ኪስ ሆኖ ተራራ ለተራራ ሲሄድ ሲሄድ ወደ ሠሪው ቤት ተመለሰ...»

የአክስቴ ጣቶች ማሽላው ላይ ቆሙ።

«ውስጡ ፊደል ነበረበት?» አለችኝ።

የለም ማለት ነበረብኝ። ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሳልፈራ ዋሽቼ ነበር፤ ለእሷ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ሰፌዱን አንዲት ፍሬ ሳትደፋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ያለ ነጠላ ወጣች። ተከትያት ስሮጥ አያ ካሳው በራቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው አየኋቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ሊይዟት አልቻሉም። መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ ፊቷን በድንጋይ ትመታ ነበር። ግራ ዓይኗ ከዚያ ወዲያ ብርሃን እንጂ ሰው ለይቶ አላየም።

ከለቅሶው በኋላ አያ ካሳው ጠርተው አስቀመጡኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሕፃን ላይ መርዶ ይጫናል?» ተረት ግን ከዚያ በኋላ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው።

አክስቴ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ካደግሁ በኋላ ብቻ፣ ልብስ ስናጥብ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለችኝ፦ «እስከ እሑድ ብትታገሺኝ ኖሮ ሁለት ቀን ባል ይኖረኝ ነበር።» ልብሱን ጨምቀን አሰጣን።

አሁን እኔም በዕድሜ ገፍቻለሁና ለመርዶ ከሚጠሩት ሴቶች አንዷ ሆኛለሁ። ሊነጋጋ ሲል ተሰብስበን እንሄዳለን። ሌሎቹ በሩን ለማንኳኳት ሲጠጉ እኔ ወደ ኋላ እላለሁ። ከውስጥ የሴትዮዋ መጥረጊያ ይሰማኛል፤ ቤቷን እየጠረገች፣ ምናልባትም እያንጎራጎረች። «ትንሽ ቆዩ፣ ጠርጋ ትጨርስ» እላቸዋለሁ።