ከኮከቡ ጀርባ ያለችው ወፍ

ባለቤቴ ንዳምቡኪ ከእንጨት ወፍ የሚቀርጽ ሰው ነው። በወጣትነቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከአገራችን ከኬንያ በርማ ድረስ ሄዶ ለእንግሊዞች ተዋግቷል፤ ለዚያም የነሐስ ኮከብ ተሸልሟል። በየዓመቱ የሞቱት ጓደኞቹ ሲታሰቡ ኮከቡን ደረቱ ላይ አድርጎ ከዘማቾቹ ጋር ይቀመጣል።

ዘንድሮ ማቻኮስ ከተማ ላይ የዘማቾቹ ማኅበር አዲስ ጸሐፊ ኪማንቲ የአዳራሹ በር ላይ አስቆመው። ሐሰተኛ ኮከብ የሚሸጡ ሰዎች ስለበዙ እንዲያጣራ ታዝዞ ነበር። ኮከቡን ገልብጦ አየና፣ "አባባ፣ የእውነተኛው ጀርባ ባዶ ነው። የእርስዎ ግን ስም አለበት፤ ደግሞ ወፍ! ይቅርታ፣ ከተመልካቾቹ ጋር ይቀመጡ" አለው።

ንዳምቡኪ ወደ ተመልካቾቹ ዞረ። እኔም ክንዱን ያዝኩት።

ከፊት ወንበር የተቀመጠው ጓደኛው ምቢቲ ግን በሳቅ ፈነዳ። "አንተ ልጅ፣ የእኔንስ ለምን ሳትገለብጥ አሳለፍከኝ?" ብሎ የራሱን ኮከብ ፈታና አሳየው። የፊደሉ አጣጣል ያው ነው፤ ወፏም ያችው ናት። "ሲሰጡን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። እንዳይቀላቀልብን በሚስማር የጻፈልን ይኼ ሽማግሌ ነው። ወፏንማ ማን ለመነው!"

ኪማንቲ ኮከቡን በገዛ እጁ መልሶ በንዳምቡኪ ደረት ላይ አደረገውና ከፊት አስቀመጠው። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ፤ ከኪሱም ሌላ ኮከብ አወጣ።

"የአባቴ ነው። ጀርባው ባዶ ነው" አለ።

"ስሙን ማን ልበል?" አለ ንዳምቡኪ፣ ሚስማር እንድፈልግለት በዓይኑ እየጠቀሰኝ።

"ሙኤማ። ወፏም እንዳትቀር።"