ነፋሱ የቆመ ዕለት

እናቴ የምትተነፍሰው በመብራት ነበር። ኦክላንድ በነበረችው ጠባብ አፓርታማችን፣ አልጋዋ አጠገብ የኦክሲጅን ማሽን ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እኔም ጆሮዬን ከሱ ላይ አንስቼ አላውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ነዋሪው መብራት ሻጩን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደች። ሰዉም መራጭ ሆነ፤ አንዱ ርካሽ፣ ሌላው አየር የማይበክል ይላል። እኔ የምፈልገው እንዳይጠፋ ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ከረባት ያሰረ ያገር ልጅ ነው፤ የአንድ አዲስ መብራት ሻጭ ኩባንያ ወኪል።

«እማማ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ። ካምፓኒ ቼንጅ ማድረግ ብቻ ነው። ግሪን ፓወር ነው፤ እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከዳብሊን ከተማ ወዲያ ካለው ኮረብታ፣ ከነፋስ የሚመጣ።»

«ነፋሱ ሲቆምስ?» አልኩት።

ሳቀ። «ሽቦው ያው ነው፣ ብራዘር። ምንም አይቀየርም።»

«ምንም ካልተቀየረ ምን ልትሸጥልን መጣህ?»

እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ምሳ አቀረበችለት። በልቶ ሲጨርስ ወደኔ ዞራ፣ «ያገር ልጅ ደጄን አንኳኩቶ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ፈርምለት» አለች። በይሉኝታ ገደል መግባት እናውቅበታለን። ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው የመንገዱን ዛፍ ሆነ። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ቁርስ ይበላልኛል፤ ፀጥ ሲል ልቤ ይሰቀላል። እናቴ ግን «ያንተ ነገር! ነፋስ እንደሆነ የእግዜር ነው» እያለች ትስቅብኛለች። ሳቋ ያናድደኝ ነበር።

አንድ የሐሩር ቀን ሳን ሆዜ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስወጣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ወደ ቤት መሄድ ሲገባኝ መኪናዬን ወደ ዳብሊን አዞርኩ፤ ከተማዋን አልፌ ኮረብታው ጋ ደረስኩ። በነፋስ የሚሠሩት ተርባይኖች በሙሉ ቆመዋል። አንድ እንኳ የሚዞር የለም። ነዳጅ ማደያ ገብቼ በሕዝብ ስልክ ወደ ቤት ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም።

በመጨረሻ ተነሳ። የቀደመኝ የእናቴ ትንፋሽ ነው። ከኋላዋ ማሽኑ አይሰማም።

«እማዬ! መብራት ጠፋ?»

«ኧረ... አለ» አለች እያለከለከች። «ሬዲዮኑ ይዘፍናል።»

«ማሽኑስ?»

«ሥራ... ጨረስክ?» አለች።

«እማዬ፣ ማሽኑስ?»

«ራሴ... አጥፍቼው ነው። አንተ ሥራ ስትሄድ... ትንሽ ትንሽ እለማመዳለሁ። ነፋሱ የቆመ ቀን... እንዳላስደነግጥህ ብዬ።»

ሻጩ አልዋሸም፤ ነፋሱ ሲቆም በዚያው ሽቦ የሌላ ቦታ መብራት ይመጣል፤ መብራቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋብንም ነበር። እኔ ዛፍ ስጠብቅ፣ እሷ ከሳቋ በስተጀርባ ያለ አየር መኖርን ስትማር ከርማለች።

«ክፈቺው!» ብዬ ጮኽኩ። «አሁኑኑ ክፈቺው፣ እማዬ!»

እግሯን እየጎተተች ስትሄድ ተሰማኝ። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ስልኩን መዝጋት አቃተኝ። ሳንቲሜ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆምኩ።