ከንፈራቸውን የገጠሙት ሴትዮ

በኮሪያዋ ቡሳን ከተማ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ባለው የእንግሊዝኛ ክፍል፣ ከነጎማ ቦቲያቸው መጥተው ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሴትዮ አሉ። የሚለማመዱበት ታብሌት የእንግሊዝኛ ቃል አሰምቶ «ድገሚ» ሲላቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። መምህርቷ ሱክሂ ትምህርቱን እንዳይተዉት ሰግታ፣ ዛሬ ታብሌቱን አንስታ ሥዕል የተለጠፈባቸው ካርቶኖች ዘረጋችላቸው።

«ማሽኑ አስቸገረዎት እንዴ፣ እማማ?»

«የሰው ፊት ካላየሁ አፌ አይፈታም» አሉ። ቢላ የተለተላቸው ጣቶቻቸው ሕፃን የተሣለበት ካርቶን ላይ ቆሙ። «ሲድኒ ያለችው የልጅ ልጄ ኮሪያኛ አትችልም። በስልክ ዝም ብለን እንተያያለን።»

ከዚያ የሱክሂን ዓይን እያዩ፣ ጮክ ብለው በእንግሊዝኛ «በላሽ ወይ?» አሏት።

ሱክሂ እፎይ አለች። «ገና ነኝ» ብላ በዚያው ቋንቋ መለሰች።

ሴትዮዋ መልሱ ገባቸው። «ታዲያ በባዶ ሆድሽ ነው የምታስተምሪኝ?» ብለው በኮሪያኛ ተቆጧት።