የደርቤ የመጨረሻ ተሳፋሪ

ዕድሜውን በአሮጌ አይሱዙ ሰቆጣና ወልድያ ሲመላለስ የፈጀው ጎረቤቴ ደርቤ፣ መሪ ከለቀቀ በኋላ አንድ ተሳፋሪ ብቻ ቀረችው፤ ሚስቱ ምንትዋብ። ግራ እግሯ ከታመመ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ ከደጅ አትወጣም። ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃቸው ሩሐማ ትንሽዬ አውቶማቲክ መኪና ገዝታ ያመጣችው ለእናቷ ሆስፒታል መመላለሻ ነበር። ደርቤ ግን ወጣትነቱን የመለሱለት ያህል ነው የተቀበላት።

ሩሐማ ከመሄዷ በፊት አስተማረችው።

«አባዬ፣ ዳገት ላይ ሲያቆሙ፣ ፍሬኑን እንደረገጡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ከዚያ እግርዎን ያንሡና መኪናዋ በእጅ ፍሬኑ ትያዝ። ፒ የሚለው የማቆሚያ ማርሽ ላይ የሚያስገቧት መጨረሻ ነው። አለዚያ ክብደቷን ሁሉ የምትሸከመው ማርሹ ውስጥ ያለች አንዲት ጥርስ ናት።»

«እናትሽን በአይሱዙ ጭኜ ነው ያገባኋት» አላት እየሳቀ። «የእጅ ፍሬን ያኔም ነበረ። ትራፊክ ሲመጣ ይሳባል።»

ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነቱን ነው። በእኛ አገር ዳገት ያረጀ ሾፌር የሚያምነው ማርሽ ውስጥ የገባን ሞተርና ከጎማ ሥር የተወተፈን ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ታኮ ይሉታል። የእጅ ፍሬን ሽቦው የላላ፣ ለወግ የተቀመጠ ዕቃ ነበር።

ቢሆንም ልጁ ናትና እንዳለችው ሲያደርግ ሰነበተ። አንድ የገበያ ቀን ግን የእጅ ፍሬኑን ሳይለቅ ወደ ጋዝጊብላ ገበያ ተነሣ። አይሱዙ ቢሆን አቃስቶ ይጠፋበት ነበር። አውቶማቲኳ ነዳጅ ሲሰጣት ዝም ብላ ሄደች። ፊቱ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ ደርቤ ግን ያለ ቀይ መብራት የሚሄድ መኪና ነድቶ ስለማያውቅ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የኋላ ጎማዎቹ እየጨሱ ገበያው መሀል ደረሰ።

«ጋሽ ደርቤ! በርበሬ እየቆሉ ነው የመጡት?» አለ ቅጣው፣ ድሮ አይሱዙው ላይ ረዳቱ የነበረው።

«ሞተሩ ከፊት፣ ጭሱ ከኋላ! አዲስ ሞዴል ነው!» አለ ሌላው።

ገበያው ሳቀ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ በደርቤ መኪና ተጭኖ፣ በገደሉ አፋፍ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእጁ ነፍሱን አደራ ብሎ ያለፈ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ደርቤ የእጅ ፍሬኑን በእጁ አልነካም። ስለ ኩራት በወጣትነቴ ብዙ አንብቤአለሁ። ሰው ስሕተቱን ሳይሆን ትምህርቱን አውጥቶ እንዲጥል የሚያደርገው ሳቅ መሆኑን ግን የነገረኝ መጽሐፍ የለም።

ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ባቆመ ቁጥር መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ትልና ቋ! ብላ ትቆማለች።

«ምኗ ነው የሚንቋቋው?» ትለዋለች ምንትዋብ።

«ስትቀመጥ ነው። እኔ እያለሁ ምን ትፈሪያለሽ?»

አትፈራም ነበር፤ እውነት ለመናገር በሱ እጅ ፈርታ አታውቅም።

ክረምቱ እንደወጣ ሆስፒታል ይዟት ሄደ። በሩ አጠገብ ቦታ ስላጣ ዳገቱ ላይ አቆመ። ፒ አስገባ፣ ቋ! አለች፣ ታኮ ሊፈልግ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሣ መኪናዋ ቁልቁል ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረች። ምንትዋብ ውስጥ ናት።

«ደርቤ! ኧረ ደርቤ!»

ድንጋዩን ታቅፎ ሮጠ። ደርሶ ጎማው ሥር ወረወረው፤ ጎማው ዘሎት ሄደ። መኪናዋ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራ ቆመች። ምንትዋብ በሕይወት ወጣች፤ የተሰበረው ግን ደህናው እግሯ ነው።

መካኒኩ ማርሹን ሲፈታ ያቺ ጥርስ ተበልታ አልቃ አገኛት። መኪናዋ ተጠገነች። ደርቤም አሁን ገና አወቀበት፤ ሜዳ ላይ እንኳ የእጅ ፍሬኑን ሳይስብ፣ መኪናዋ መያዟን ሳያረጋግጥ ፒ አያስገባም። ሩሐማ ብታየው በኮራች።

ምንትዋብ ለሐኪም ቀጠሮዋ ስትወጣ በሩን ከፍቶ ጠበቃት።

«ነይ ግቢ።»

«በባጃጅ እሄዳለሁ።»

«መኪናዋ እኮ ተሠርታለች።»

«ስለ መኪናዋ አይደለም።»

እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። በሽምግልናዬ ከዚህ ያጠረ ፍርድ አልሰማሁም። ባጃጅ ነጂው ምንዋጋው ደግፎ አሳፈራት፤ ደርቤ ባዶ መኪናውን አስነሥቶ ከኋላቸው ተከተለ። ጥቂት እንደሄዱ ባጃጁ ጥግ ይዞ ቆመ። ምንዋጋው አንገቱን አወጣ።

«ጋሽ ደርቤ፣ ይለፉን። እትዬ ምንትዋብ ከኋላ ሲመጡባቸው ይፈራሉ።»

አለፋቸው። ሆስፒታሉ ደጃፍ ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ጠበቃት፤ ልትወርድ ስትል እጁን ዘረጋላት። እሷ የምንዋጋውን ትከሻ ይዛ ወረደች።