ባለ መብራቱ ኮምፒውተርና የወንድሜ አበልጅ

ለመጫወቻ የሚሆን ኮምፒውተር ልገዛ ስነሣ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ለልጅ አላልኩም፣ ለሥራም አላልኩም። ለራሴ፣ ልጫወትበት። ይህን ነገር በዚያ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

በከተማችን ታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት እሠራለሁ። ከገጠር ወረዳዎቹ፣ ከገረሴም ከካምባም፣ ለጉዳይ የሚወርድ ሰው ማመልከቻውን እኔ ጋ ያስጽፋል። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በተበላሸ ቁጥር ለጠጋኝ የምከፍለው ስላልነበረኝ፣ ራሴ ስፈታ ስገጥም፣ አንዱን አስተካክዬ ሌላውን ሳበላሽ ነው የለመድኩት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ሲያባርርና ደንበኛ ሲጠፋ፣ በዚያችው በሥራ ኮምፒውተሬ አንድ ጌም እጫወታለሁ። ትልቅ የጭነት መኪና የሚነዳበት ነው። ጭነት ተቀብሎ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ አገር አቋርጦ ማድረስ፤ በቃ። ሰው አይገደልበትም፣ ጎል አይገባበትም። እወደዋለሁ። ችግሩ ማሽኑ አይችለውም። መኪናዬ ዳገት ስትጀምር ስክሪኑ ቀጥ ይላል፤ ነፍስ ሲዘራ እኔ ገደል ውስጥ ነኝ። ያን ጊዜ የጫንኩት ጭነት ሁሉ ገደል ገብቶ ነው የቀረው።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ወሰንኩ። መጀመሪያ ወደ ላይኛው የከተማ ክፍል፣ ወደ ሴቻ፣ ወጣሁና አንድ ሱቅ ገባሁ። «የጌም ኮምፒውተር ፈልጌ ነበር፤ ተገጣጥሞ ያለቀ፣ ዋጋው የማይጎዳ» አልኩ። ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣

«ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«ልጅ የለኝም።»

«ለወንድምሽ ነዋ።»

«ለኔ ነው።»

ያኔ ቀና አለ። ፊቴን አየ፣ ነጠላዬን አየ፣ ከኋላዬ ደግሞ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ። «ለቢሮ ከሆነ ጥሩ ላፕቶፕ አለን» አለኝ። አንገቱ ላይ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሏል፤ ለጌጥ ነው መሰለኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ለታላቅ ወንድሜ ነገርኩት። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፣ የነጋዴ ዕቃ ይዞ ይወርዳል። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የውሸት መኪና ልትገዢ ነው? የእውነቱ እኮ ደጅ ቆሟል። እጠቢልኝ፤ አላስከፍልሽም።»

«ጋሼ፣ አንተን ላማክር ብዬ ነበር፤ ይቅር» አልኩና ተነሣሁ።

«ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። ደግሞ አበልጄ እያለ ሴቻ ምን ወሰደሽ? ነገ አብረን እንሄዳለን።»

አበልጁ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው። የነጋዴው ሚስት የወንድሜን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣቻት ናት። በዚያ ላይ የሱቁ ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚወርደው በወንድሜ መኪና ነው። ስለዚህ ወንድሜን ከዚያ ሱቅ ጋር ጠበሉም ጭነቱም አስረውታል። ከአበልጅ ዕቃ መግዛት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገረው። ዋጋ አይጠየቅም፤ ብትጠይቁ «ከእናንተ ጋር ደግሞ ዋጋ ልናወራ!» ትባላላችሁ። ዕቃው አይሞከርም፤ «ይሞከርልኝ» ማለት «ሌባ ነህ» ከማለት አይለይም። ወስዶ፣ አመስግኖ፣ ሦስት ጊዜ ተሳስሞ መውጣት ነው። ቤት ደርሶ ከተበላሸም ጥርስን ነክሶ ዝም። ወንድሜ ከዚያ ሱቅ የወሰደው ማቀዝቀዣ ቅቤ ያቀልጣል። አንድም ቀን ለአበልጁ አንሥቶለት አያውቅም።

በማግስቱ ሄድን። ወንድሜ ደውሎለት ኖሮ አበልጅ ሲጠብቀን ቆይቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ማሽን ከፍ አድርጎ አስቀምጧል፤ ጎኑ መስታወት ነው። ሰላምታውን እንደጨረስን የሱቁን መብራት አጠፋ፣ በሩን ገርበብ አደረገና ለኮሰው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፤ እየዞረ፣ እየተለዋወጠ። የሠርግ ድንኳን ነው የሚመስለው። ሙሽራው ብቻ ነው የጎደለው።

«በስመ አብ!» አለ ወንድሜ።

«ጌሚንግ ነው» አለ አበልጅ፣ ለወንድሜ። «የመጨረሻው።»

«ግራፊክስ ካርዱ ምንድን ነው?» አልኩ እኔ።

«ሁሉንም ይዟል በላት» አለው።

«ሁሉንም የሚባል ካርድ አላውቅም።»

ወንድሜ በጫማው ጫማዬን ረገጠኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ተመለከትኩ። መስታወት ያደረጉለት እንዲታይ ነው አይደል? እኔም አየሁ። የሚያበሩ ማራገቢያዎች በላይ በታች ይዞራሉ፤ ጌሙን የሚያስኬደው ካርድ የሚሰካበት ቦታ ግን ባዶውን ነው። ነፋስ የሚነፍሱት ለመብራቱ ነው። ዋጋው ደግሞ፣ በኋላ ወንድሜ በጆሮዬ ሹክ እንዳለኝ፣ ዕቁቤን ጠራርጎ የሚበላ ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ፍላሽ አወጣሁ። «ጌሙን ይዤዋለሁ፤ ጭነን እንየው» አልኩ።

ወንድሜ በጋሞኛ «ተይ፣ አታዋርጂኝ» አለኝ። አበልጅ የመጣው ከሌላ አገር ነው፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት እዚህ ሲነግድ ጋሞኛ አጣርቶ ይሰማል። አለመስማቱን ለማሳየት ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ከዚያ፣

«እህት ዓለም፣ እኔን ነው የምትፈትኚው?» አለኝ።

«አንተንማ እግዜር ይፈትንህ። እኔ ማሽኑን ነው።»

ጌሙ እስኪጫን ቁጭ አልን። ለስላሳ መጣልን። ስለ ሙቀት አወራን፣ ስለ ሙዝ ዋጋ አወራን፤ ሁለቱም ወንዶች እኔን አላዩኝም። ጌሙ ተነሣ፤ መኪናዬን አስነሣሁና መንገድ ገባሁ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀጥ።

«ኃይል ቀንሷል ዛሬ» አለ አበልጅ።

እንደገና ሞከርኩ። ቀጥ።

«ፍላሹ ቫይረስ ይኖረዋል።»

ሦስተኛው ላይ ደግሞ፣ «ጌሙ የድሮ ነው፣ ማሽኑ አዲስ ነው፤ አይግባቡም» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ አለ። ሳቄ አመለጠኝ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ላብ አጥምቆታል።

«በቃ ይበቃል፤ እንወስደዋለን» አለ። «ቆንጆ ነው። ቤት ሲደርስ ሞቅ ሲለው ይሠራል።»

ናፍጣ ሞተር መሰለው።

ይሉኝታ የሚሉትን ነገር ያን ቀን ቁልጭ አድርጌ አየሁት። ጨዋነት ነው ይሉናል። እኔ የማውቀው፣ አንዱ እንዲያጭበረብር ሌላው እንዲያመሰግን የተሠራ ዘዴ ነው። እንቢ ካልኩ አበልጅ ያዝናል፤ ሲያዝን ጭነቱን ለሌላ ሹፌር ይሰጣል፤ የወንድሜ መኪና ከአዲስ አበባ ባዶዋን ትወርዳለች። እሺ ካልኩ ደግሞ በዕቁብ ብሬ፣ ግድግዳ ላይ የማይሰቀል አምፖል ገዝቼ፣ ዕድሜ ልኬን ገደል ስገባ እኖራለሁ። ወንድሜ ዓይን ዓይኔን ያያል። ያሳዝናል። ነገር ግን ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ፣ ሦስቱም እንደማይሠራ እያየ፣ «ይሠራል» ተባብሎ መሳም! ይሄንን አልቻልኩም።

«እሱስ?» አልኩ።

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ማሽን ነበር፤ ላዩ ላይ ማተሚያ ተጭኖበታል። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራበት ኖሮ የመጣ ዓይነት ነው፤ ጎኑ ተላልጧል፣ የድሮ ቢሮው የንብረት ቁጥርና የሱቁ ዋጋ ተለጥፈውበታል።

አበልጅ ፊቱን አኮማተረ። «እሱን ተይው። ሰው ካርድ አስገጥሞበት ሳይወስደው ቀርቶ ነው። አስቀያሚ ነው፤ ላሳይሽም አፍሬ ነው።»

«ካርድ አስገጥሞበት?»

ማተሚያውን ራሴ አወረድኩት። ገጠምነው፣ ጌሙን ጫንነው። መኪናዬን አስነሣሁ። ኩርባውን አለፍኩ። ዳገቱ መጣ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። መኪናዬ ዳገቱን ተያያዘችው፤ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲወርድ ሁሉ ይታየኛል። የት እንዳለሁ ረሳሁት። ፊቴ የገባውን መኪና «ዞር በል አንተ!» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

«ማርሽ ቀንሺ እንጂ!» አለ ወንድሜ ከኋላዬ።

«ራሱ ነው የሚቀንሰው።»

«ራሱ? እና አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ፍሬን ያዢ፣ ፍሬን! ቁልቁለት ነው እኮ!»

ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለውና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

«ይሄን እወስዳለሁ» አልኩ።

«ይሄንን?» አለ አበልጅ። «ሰው ቤትሽ ገብቶ ‹ማን ሸጠልሽ?› ቢልሽ እኔ ነኝ ልትዪ? ለአበልጄ እህት ቆርቆሮ ሸጠ ልባል?»

«ስምህን አላነሣም።»

«ውሰጂው በቃ! ገንዘብሽንም አልፈልግም። እኔን ያላመነች ሰው ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ይህች ደግሞ የመጨረሻዋ ናት። በነጻ ሰጥቶ ማሳፈር! በነጻ ብወስድለት ያን ማሽን ለሚገባ ለሚወጣው እያወራ ዓመት ሙሉ ይመጻደቅበት ነበር። በላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ቆጥሬ ከለስላሳው ጠርሙስ ሥር አስቀመጥኩለት። ከዕቁቤ ግማሹ ተረፈኝ። ሳንሳሳም ወጣን።

ወንድሜ ማሽኑን ተሸክሞ ጋቢና አስገባልኝ። ቤቴ በር ላይ መኪናውን አቆመ። ከዚያ፣

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

«በጣም።»

«የልጄን የክርስትና እናት ቤት አስቀየምሽ። ጭነቴን አስቆምሽ። ለውሸት መኪና።»

«አንተስ ለእውነቱ መኪና ብለህ ቅቤ በሚያቀልጥ ማቀዝቀዣ ትኖር የለ?»

ሊስቅ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዘው። ማሽኑን ቤቴ አግብቶልኝ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

አልተሳሳተም። በሚቀጥለው ሳምንት የሱቄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የአበልጅ ካርቶኖች በሌላ ሰው መኪና ሲያልፉ አየሁ። አፈርኩ እንዳትሉኝ፣ አላፈርኩም። የማይሠራ ዕቃ አልገዛም ስላልኩ የወንድሜ መኪና የምትቆምበት አገር ነው ማፈር ያለበት። ቢሆንም የዚያን ቀን ከሰዓት ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም።

ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ብቻውን አበልጁ ሱቅ ሄደና ባለ መብራቱን ኮምፒውተር ለራሱ ገዛው። ዋጋ አልተከራከረም፣ አላስሞከረም። ተሳስሞ ወጣ። ቤቱ ወስዶ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ሰኞ ማለዳ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ወጣ፤ ሲመለስ የአበልጁን ዕቃ ይዞ ወረደ።