ሽርሽር ወጥተን ያስነሣነው ለቅሶ

የልጅ ልጄ ከባሕር ዳር ወረታ የመጣችው ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት እስኪከፈት ሁለት ሳምንት እኛ ዘንድ እንድትቆይ ከአባቷ፣ ማለትም ከልጄ ጋር ተስማምተን ነበር። ለልብሷ ብዬ ከቁም ሣጥኑ አንዱን መደርደሪያ ባዶ አደረግሁላት። እሷ ግን ሻንጣዋን አልፈታችም። በሦስተኛው ቀን ስልኬን ይዛ ጓሮ ገባችና፣ "አባ፣ እዚህ ይደብራል። ሁለቱም ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት" ስትል ሰማኋት። ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስዳት ነገራት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ውሸት አልተናገረችም። ባለቤቴም እኔም ዝም ብለን ነው የምንቀመጠው። ከአንድ ሰው ጋር አርባ ዓመት ከኖሩ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ተነግሮ ያልቃል፤ የሚቀረው መተያየት ነው፣ እሱም መነጽር ይፈልጋል። ቢሆንም ቅዳሜ እንድትሄድ አልፈለግሁም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

ማታ የልጅቱ እናት ደወለች። "እማማ፣ ወጣ ወጣ በሉ እንጂ! ሽርሽር ውሰዷት" አለችኝ። እሺ አልሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሽርሽር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሄጄ ግን አላውቅም። እኔ ከቤት የምወጣው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሐኪምና ለለቅሶ ነው። በእኛ ሰፈር ያለ ጉዳይ ከቤት የወጣች ሴት ወይ ከባሏ ተጣልታለች ወይ ጤና የላትም።

"ጣራ ገዳም እንውሰዳት፣ በረከትም ታገኛለች" አለ ባለቤቴ።

"በዚህ ጉልበቴ ያን ዳገት ከወጣሁ አልወርድም። እዚያው መንኩሼ እቀራለሁ።"

"እሱም አይከፋም" አለ፣ ትንሽ ካሰበ በኋላ።

ቀጥሎ ጣናን እናሳያት አለ። ልጅቱ ሳቀችበት። "አባባ፣ እኔ እኮ ባሕር ዳር ነው የምኖረው! አንተ ረሳኸው?" እሱ ደግሞ የተቀየመው በመርሳቱ ሳይሆን አንተ በመባሉ ነው። በመጨረሻ፣ የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ሜዳው ላይ የሚሰፍሩትን ረጃጅም ወፎች ልናሳያት ተስማማን። ለሐሙስ ቀጠርን።

ሐሙስ ጠዋት ለባጃጁ አቧራ ብዬ ፀጉሬን በአሮጌ ጥቁር ሻርፕ አሰርሁ። ባለቤቴ ጃንጥላውን ያዘ። ዓይኑ አቧራ አይወድም፤ ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳንደርስ ቀልቶ ያነባ ጀመር። ባጃጅ ስንጠብቅ አንዲት የእድራችን ሴት አገኘችን።

"ውይ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ወዴት ናችሁ?"

"እንዲያው ወጣ ብለን ልንመለስ ነው።"

ሻርፔን አየች፣ የባለቤቴን ዓይን አየች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በቃ ገባኝ። ከእኔ አይወጣም" አለችና ሄደች።

በእኛ አገር መርዶ በአንድ ጊዜ አይፈነዳም። አርጂዎቹ ማልደው ይሄዳሉ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ "ምን እግር ጣላችሁ?" ቢባሉ "እንዲያው ልናይሽ ብለን ነው" ይላሉ። ሰው ተሰብስቦ ሐዘንተኛዋን የሚይዛት እስኪገኝ ድረስ ይሸፋፍናሉ። ስለዚህ "ማንም አልሞተም" ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ስለነበር አላስተዋልሁትም።

ባጃጁ በታጨደው የሩዝ ማሳ መካከል አንገጫገጨን። ልጅቱ ወደ ውጭ እያየች በየደቂቃው "ወፎቹስ?" ትላለች። እኔም "ገና ነው" እላለሁ። መንገዱ ሲያልቅ ወርደን በእግራችን ቀጠልን። ትንሽ እንደሄድን የባለቤቴ ታናሽ እህት የምትኖርበት መንደር ደረስን። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ እሱም ደብረ ታቦር የአናጢነት ሥራ ይሠራል።

"ሳንገባ ብናልፍ ዕድሜ ልኳን ትወቅሰኛለች" አለ ባለቤቴ። ከሄድን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር።

ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ስትለቅም ከሩቅ አየችንና ብድግ አለች።

"ጋሼ! በሰላም ነው? ምን እግር ጣላችሁ?"

ባለቤቴ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። "እንዲያው ነው" አለ።

ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ፣ አንቺ ንገሪኝ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም" አልኋት።

ነጠላዋን ወረወረችው። "ልጄን! ወይኔ ልጄን!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች።

ልጅቱ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "እማማ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?"

"ማንም አልሞተም ስላልኋት።"

አፍጥጣ አየችኝ። አለቀልኝ አልሁ በልቤ፤ ዛሬውኑ ደውላ ቅዳሜን ወደ ነገ ታመጣዋለች።

መንደሩ ፈጣን ነው። ባለቤቴ "ኧረ ስሙኝ!" እያለ ጃንጥላውን ሲያወዛውዝ ግቢው በሰው ሞላ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ፤ አንዷ ጎረቤት ሳትጠየቅ ንፍሮ ጣደች። የሰበካው ቄስ እንኳ፣ ለክርስትና ሲጠሩ ግማሽ ቀን የሚያስጠብቁት፣ እየሮጡ ደረሱ።

"አስከሬኑ መቼ ይመጣል?" አሉ።

"አባ፣ የሞተ ሰው የለም" አልኋቸው።

"አይዞሽ፣ እኔ ጽኑ ነኝ፤ ለእኔ ንገሪኝ።"

ልጅቱ ከኋላዬ ወጥታ በሙሉ ድምፅዋ፣ "ሽርሽር ነው! ሽርሽር ነው!" ብላ ጮኸች። ጆሯቸው የደከመ አንዲት ባልቴት ለቅሷቸውን ገታ አድርገው ወደ ጎን ዞሩ።

"ምንድን ነው የገደለው አለች?"

"ሽርሽር" አለቻቸው አንዷ።

"ኤዲያ! አዲስ በሽታ ደግሞ መጣ?" አሉና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ያለው መፍትሔ ደብረ ታቦር ላለው ልጅ መደወል ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ከስልኩ ውስጥ ሴትዮዋ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ፣ "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" አለች።

"ይኸው! እሷም ነገረችን!" አሉ ባልቴቷ። ይህን እንዴት እንደሰሙት አላውቅም።

ከመጀመሪያው የባሰ ለቅሶ ተነሣ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ። ስንወጣ በደኅና የነበረ ልጅ በእኛ ምክንያት የሞተ መሰለኝ። ሁለቴ ደወልሁ፣ አሁንም ሴትዮዋ ናት። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እውነት ቢሆንስ?" ሲለኝ በክርኔ ጎሸምሁት።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ።

"እትዬ፣ ደውላችሁልኝ ነበር? ጣራ ላይ ቆርቆሮ እየመታሁ ኔትወርኩ አስቸግሮኝ ነው። ይህ ጩኸት ምንድን ነው?"

እናቱ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። "ልጄ! ሞተህ ነበር!"

"ማን አለ?"

"አጎትህ!"

"እኔ አላልሁም! እንዲያው ነው ብቻ ነው ያልሁት!" አለ ባለቤቴ።

እህቱ እንባዋን ሳትጠርግ ዞረችበት። "ሦስት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ፣ ዛሬ ሚስትህን ጥቁር አሳስረህ፣ ዓይንህን በርበሬ አስመስለህ ትመጣና እንዲያው ነው ትለኛለህ? እንዲያው የሚመጣ ሰው ደውሎ እንዲያው እመጣለሁ አይልም?"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ቄሱ ብቻ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉና ዙሪያውን ቃኙ፤ ከዚያ "ከመጣሁ አይቀር" ብለው ንፍሮው አጠገብ ተቀመጡ። እንደ እሳቸው የዘገነ የለም።

የተሰበሰበ ሰው አይበተንም። የባለቤቴ እህት ልጇ ስለተነሣላት ዶሮ ካላረድሁ አለች። ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው አውራ ዶሮ ተያዘ። ወጡ ሲንተከተክ የመንደሩ ሙሾ አውራጅ፣ የተዘጋጀችበት ሥራ ስለቀረባት ይሆናል፣ ድስቱ አጠገብ ቆማ እጅዋን እያማታች፣

"ስንቱን እያስነሣ ከተኛበት ቦታ፣
ዛሬ ከሽንኩርት ጋር ድስት ውስጥ ተኛ ጌታ"

ብላ አወረደችለት። ሴቶቹ ለዶሮው ደረታቸውን መቱለት። ልጅቱ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት በአባባዋ ላይ ብቻ ነበር።

"ድገሚው! እባክሽ ድገሚው!" አለቻት። ከዚያ ባልቴቷ ደረት አመታት አስተማሯት። "ጠንከር አድርጊው እንጂ! ትንኝ ነው የምታባርሪው?" ይሏታል። የሞተ ዘመድ የሌላት ልጅ እንዲህ መልመዷ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም፤ አልከለከልኋትም። ወፎቹን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጅቱ ስልኬን ጠየቀችኝ። ጓሮ አልገባችም፤ አጠገቤ ቆማ ደወለች። "አባ፣ ቅዳሜ እንዳትመጣ። አልሄድም" አለችው። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ማስተካከል ጀመርሁ። ከዚያ ቀጠለች፣ "እዚህ አክስቴ ቤት ነው የምቆየው።"

"ወረታስ? እኛስ?" አላት ባለቤቴ።

"እናንተ ቤትማ ማንም አያለቅስም፣ ማንም አይስቅም" አለችው። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰዓት ጠይቀዋት የነገረች ነው የሚመስለው።

የባለቤቴ እህት "እሰይ!" ብላ ቤት ገብታ ቁርበት ማራገፍ ጀመረች። ባለቤቴ እኔን አየ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ከቤቴ ውጭ አድሬ አላውቅም፤ ትራሴን እንኳ ማንም አይነካብኝም።

"ሁለት ቁርበት አንጥፊ" አልኋት።

"የኔስ እራት?" አለ ባለቤቴ።

"ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ሽሮ አለ። ውሃ ማፍላት ታውቃለህ።"

ጃንጥላውን ይዞ ባጃጁ ወደሚቆምበት ብቻውን ሄደ። ሁለቴ ዞር ብሎ አየን። ልጅቱ ደረቷን እየመታች ሸኘችው፤ ባልቴቷ "አሁን ገና ቻልሽበት!" አሏት።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ልጄ ከወዲያ በኩል "እማ? እማ?" ይላል። ተቀበልሁት።

"እማ፣ ስንት ቀን ነው የምትቆየው?"

"ትምህርት እስኪከፈት።"

"አንቺስ?"

"እኔም" አልሁትና ሌላ ሳይጠይቀኝ ዘጋሁት። ባትሪ ይጨርሳል።